የሚሮጥ ሰው አይቀርጽም

በደብረ ብርሃን የሠርግ ወቅት ከገባ ቪዲዮ ቀራጩን ሠረቀብርሃንን ቤቱ የሚያገኘው የለም። ዘንድሮ ያገባ፣ አምና ያገባ፣ አግብቶ የተፋታም ሳይቀር ቤቱ ውስጥ የእሱ የእጅ ሥራ አለ። የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፦ ካሜራው አይንቀጠቀጥም። ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ጉልበቱን ሰበር እያደረገ ሲራመድ አፉ ድረስ የተሞላ እንስራ የተሸከመ ይመስላል። ሚዜ እየጨፈረ ቢገፋው፣ የሰከረ አጎት ትከሻው ላይ ቢደገፍ ምስሉ ንቅንቅ አይልም። የአገሩ ብርድ ባትሪ ስለሚገድልበት ትርፍ ባትሪዎቹን ብብቱ ሥር ወሽቆ ነው የሚውለው።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ዘላለም "አንቀጥቅጥልኝ" ያለው።

ዘላለም፣ ሠረቀብርሃን በተከራየበት ግቢ አንዲት ክፍል ይዞ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ነው። በአስፈሪ ፊልም ያብዳል፤ ይልቁንም በአንድ ዓይነቱ። ሰዎች ካሜራ ይዘው ጫካ ወይም ወና ቤት ይገባሉ፤ በዚያው ይቀራሉ፤ ካሜራቸው ወድቆ ይገኛል። ተመልካቹ የሚያየው በካሜራው ውስጥ የተረፈውን ብቻ ነው። ዘላለም ይህን የመሰለ አጭር ፊልም ጣርማ በር ላይ ልሥራ ብሎ ተነሣ፤ ቀራጭ ግን አልነበረውም። ሠረቀብርሃን በጉርብትና እሺ አለ። እሺ ካለበት ሰዓት ጀምሮ ተጸጸተ።

ጣርማ በር የደረሱት ጠዋት ነው። ጉሙ ከቆላው እየተግተለተለ ወጥቶ የመኪናውን መንገድ ዋሻ አፍ ዘግቶታል፤ የጭነት መኪኖች መብራት አብርተው እያለከለኩ ይገባሉ። ሁለቱ ከመንገዱ ወጣ ብለው በጠጠሩ ዳገት ላይ ሥራ ጀመሩ።

"ጋሼ ሠርቄ፣ በጣም ረጋብኝ። ትንሽ አንቀጥቅጠው።"

"እንዳይንቀጠቀጥ ስንት ዓመት የለፋሁበትን?"

"ፈርተሃል እኮ! ከኋላህ የሆነ ነገር እየመጣ ነው።"

"ምን?"

"አይታወቅም።"

"አንተስ ታውቀዋለህ?"

"እኔም አላውቀውም።"

"እንግዲያ ምኑን ነው የምፈራው?"

"አለማወቁን! ጭራቅ ሠርቼ ባሳይህ ጎማ ነው ብለህ ትስቃለህ። ካላሳየሁህ ግን ራስህ ትሠራውና ቤትህ ይዘኸው ትገባለህ። ሙዚቃ የለ፣ ተዋናይ የለ። ተመልካቹ የሚሰማው የቀራጩን ትንፋሽ ነው። ካሜራው የሱ የራሱ ዓይን ይሆናል።"

ሠረቀብርሃን ካሜራውን አወረደ። "እሺ፤ ልፍራ። ፈራሁ፤ ሮጥኩ። ታዲያ እየሮጥኩ ለምንድነው የምቀርጸው?"

"ለ... ማስረጃ።"

"ለማን? ሞቼ?"

"ጋሼ፣ ፊልም ነው እኮ።"

"ፊልም አይደለም እያልክ አይደል የምትሠራው! የሚሮጥ ሰው አይቀርጽም። ጅብ እየተከተለኝ ሙሽራ ልቅረጽ? ደግሞ ይሄ ሁሉ መወዛወዝ ሰውን ያስመልሰዋል እንጂ አያስፈራውም።"

ቢሆንም ሮጠ። ካሜራውን እንደ ወንፊት እየነቀነቀ፣ በየመሀሉ እየተራገመ ዳገቱን ወጣ፤ ወረደ። ሲመለሱ በሚኒባስ ውስጥ ሲያጉረመርም መጣ። ማታውን ዘላለም ቆራርጦ ሲያሳየው ግን አንድ ቦታ ላይ ወደ ምስሉ ጠጋ አለ። ካሜራው መሬት ላይ ወድቋል፤ ጉም ብቻ ይታያል፤ ጠጠር ላይ የሚራመድ እግር ይሰማል። ኮቴው የራሱ እንደሆነ፣ ከኋላው ማንም እንዳልነበረ ያውቃል። የአንገቱ ፀጉር ግን ቆመ።

"እንዴት ነው?" አለ ዘላለም።

"ራስ ያዞራል" ብሎት ወጣ።

በማግስቱ ለሠርግ ወደ ለሚ ገጠር ሄደ። የስልክ መረብ የማይደርስበት ቀበሌ ነው። ዘላለም ደግሞ ፊልሙን በስልኩ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው፤ ከላዩም ጻፈበት፦ "ይህ ምስል ጣርማ በር ላይ ወድቆ ከተገኘ ካሜራ የተወሰደ ነው። ቀራጩ ሠረቀብርሃን እስካሁን አልተገኘም።"

ዘመኑ መንገድ የወጣ ሰው ሳይመለስ የሚቀርበት ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ አጣሪ አይጠብቅም።

ሠረቀብርሃን ሠርጉን ጨርሶ በአይሱዙ ጋቢና ሌሊቱን ተጉዞ ረፋዱ ላይ ሰፈሩ ሲደርስ ከግቢው በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። "ማን ሞተብን?" እያለ አንገቱን ደፍቶ ገባ። አከራዩ ዝናሽ አየችውና የያዘችው የሻይ ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ።

"በስመ አብ! ሠርቄ፣ ሰው ነህ?"

"ምን ልሆን ኖሯል? ማነው የሞተው?"

"አንተ ነሃ!"

ሬሳ ሲጠፋ በሟች ልብስና ፎቶግራፍ ይለቀሳል። ፎቶውን ቤቱን በርብረው አጡት፤ ሰው ሲያነሳ ኖረ እንጂ እሱን ያነሳው የለም። ስለዚህ የካሜራውን ማቆሚያ ድንኳኑ መሀል ተክለው፣ ጋቢውን አልብሰው፣ ኮፍያውን ደፍተውለታል። ሠረቀብርሃን ሦስት እግር ያለውን ራሱን ቆሞ አየው። ዘላለም ከጥግ ላይ ፊቱ አመድ መስሎ ተነሣ።

"ፊልሙን አጥፍቼዋለሁ ጋሼ! 'ፊልም ነው' ብዬ ማልኩላቸው። 'ፊልም ከሆነ ሰውየው የታለ?' አሉኝ። ስልክህ ደግሞ አይሠራም፤ ወዴት እንደሄድክም አልነገርከኝም።"

"ስሜን ለምን ጻፍክ?"

"እውነት እንዲመስል።"

"መሰለልህ!" አለ ሠረቀብርሃን ወደ ማቆሚያው እየጠቆመ። "መሰለልህ፣ አየኸው?" ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁ ወረደ። "የዕድሩ ዳኛስ? ጋሽ ገብረ ጻድቅ የት አሉ?"

ዝናሽ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። "ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገና ሳይነጋጋ ወደ አንኮበር ወጡ። እናትህን ሊያረዱ።"

እናቱ ወይዘሮ ወለተሐና እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ነው የሚኖሩት። የታላቅ ልጃቸውን መርዶ በሰሙ ጊዜ እዚያው ተዘርረው ሐኪም ቤት ከርመዋል፤ ሐኪሙም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይችሉም ብሎ ነበር። ሠረቀብርሃን ደወለላቸው፤ ዝግ ነው። ለጋሽ ገብረ ጻድቅ ደወለ፤ መርዶ ነጋሪ ወሬው እንዳያፈተልክ ስልኩን ያጠፋል። ዘላለምን በክንዱ ጎትቶ ወደ መናኸሪያ ሮጠ።

የአንኮበር ሚኒባስ ካልሞላ አይነሣም። "ለጎደለው ሁሉ ልክፈል!" ብሎ ጮኸ። መንገድ ላይ ጉም ወረደና ሹፌሩ መንፏቀቅ ጀመረ።

"ትንሽ ፍጠንልኝ ወንድሜ።"

"ገደል ነው። ለምን ቸኮልክ?"

"መሞቴን ሊነግሩ ቀድመውኝ ሄደዋል።"

ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገውና አማተበ። ዘላለም "ጋሼ፣ ይቅርታ..." ሲል ሠረቀብርሃን መዳፉን አነሣበት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አየውና ብብቱ ሥር ሸሸገው።

ጎረቤላ ሲደርሱ ወደ እናቱ ደጅ የሚያወጣውን ዳገት በሩጫ ወጣ። ለቅሶ አይሰማም። ይኼ ይበልጥ አስፈራው። በሩን ገፍቶ ሲገባ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው እንደተቀጡ ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። እናቱ ቆመዋል።

"ይኸው!" አሉ ወይዘሮ ወለተሐና ጣታቸውን ወደ በሩ ቀስረው። "አላልኳችሁም?"

ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሠረቀብርሃን ሄዶ እግራቸው ሥር ወደቀ።

ጋሽ ገብረ ጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መርዶ ስናገር ስኖር እምቢ ያለኝ ሰው የለም። ሴትዮይቱ እምቢ አሉ! 'እንዴት ሞተ?' አሉን፤ ልጁ ሳያጠፋው በአንዱ ስልክ ያስቀረነውን አሳየናቸው። አዩና 'ይኼ የኔ ልጅ አይደለም፤ ሂዱ ፈልጉት' ብለው ተቆጡን።"

"ምን ላድርግ?" አሉ እናቱ እንባቸውን እየጠረጉ። "ልጄን አውቀዋለሁ፤ ፈሪ ነው። ልጅ ሳለ ከወፍጮ ሲመለስ ዝንጀሮ ጮኸ ብሎ ዱቄቱን ገደል ወርውሮ ነው የመጣው። እዚያ ላይ ያለው ሰውዬ ሊሞት እየሮጠ ያን የሚያህል ዕቃ ተሸክሟል። የኔ ልጅ ቢሆን በመጀመሪያው ኮሽታ ጥሎት እዚህ ደርሶ ነበር። ፈሪ ለእናቱ!"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ደበቁ። ሠረቀብርሃን ፊቱ እየጋለ ወደ ዘላለም ዞረ።

"ምን ብዬህ ነበር?"

"የሚሮጥ ሰው አይቀርጽም" አለ ዘላለም መሬት መሬት እያየ።

ሽማግሌዎቹ ቀማምሰው፣ ሟቹን መርቀው፣ ዘላለምን ገሥጸው ይዘውት ወረዱ። ሠረቀብርሃን እናቱ ዘንድ ሊያድር ቀረ። አመሻሽ ላይ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ አጥሩን ሲውጠው ወይዘሮ ወለተሐና ከጓሮ የተሰጣ ልብስ ሊያነሡ ብድግ አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ያ ፊልሙ መጨረሻ ላይ በጉሙ ውስጥ የሚከተለውስ ማነው?"

"ማንም የለም እማዬ። የኔው እግር ነው።"

"አይደለም።"

"እንዴት አይደለም? የቀረጽኩት እኔ!"

"አንተማ የምታየው ፊት ለፊትህን ነው። ከኋላህ የነበረውን በምን አወቅክ?"

ዘላለምን በልቡ ረገመው።

"ና ተነሣ፤ አብረኸኝ ውጣ" አሉት። "ከኋላዬ ሁን።"

ከኋላቸው ሆነ። እናቱ ልብሱን ከገመዱ እየለቀሙ ሳለ እሱ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ።