በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ

ወደ ኮምፒውተር ጥገና ቤቴ የምትመጣው ባሏ ሥራ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ሙቀት የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ድረስ ትጎትተዋለች። የፈለገችው፣ ይዛው በመጣችው ላፕቶፕ ላይ በነበረው ሲስተም ሆድ ውስጥ፣ የራሱ የይለፍ ቃል ያለው ሌላ ሲስተም እንድጭንላት ነው።

"ባሌ ቢከፍተው ምን ያያል?" አለችኝ።

"የላይኛውን ብቻ!" አልኳት፣ ጉራዬን እየነዛሁ። "ውስጠኛው መኖሩንም አያውቅም።"

"እሱ እኮ ዝንብ እንኳ አታመልጠውም፣ ወንድሜ።"

ጭኜ ጨርሼ ውስጠኛው ሲስተም ሲከፈት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት። ወዲያው ስልኳ ጠራ።

"ገበያ ነኝ" አለች።

የባሏ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ፤ ለስላሳ ነው።

"እሺ የኔ ቆንጆ። ሰውየውን በሩን ዝጋው በይው፣ አቧራ ይገባባችኋል።"

በሩ እውነትም ወለል ብሎ ተከፍቷል።