የአሹ ድርብ መስታወት

ባለፈው ሳምንት መሪ ሰፈር የሚከራይ ኮንዶሚኒየም ሳይ፣ ደላላው መስኮቱን በጣቱ አንኳኳና «ድርብ መስታወት ነው፤ ብርድ አያስገባም» አለኝ። ደረጃውን ወርጄ ሄድኩ።

ታላቅ ወንድሜ አሹ መስታወት ገጣሚ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የካ ላይ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። መስኮታችን ብረት ነው፤ መስታወቱ ነጠላ። ሐምሌ ላይ ጠዋት ጠዋት በውስጥ በኩል ውሃ ይወርድበታል። የአሹ አልጋ ከሥሩ ነበር። ሳንባውን ታሟል። ሐኪሙ ብርድ እንዳይነካው ብሎታል፤ እንዴት እንደማይነካው ግን አልነገረውም።

ያን ክረምት ከኛ በላይ ላለ ቪላ መስኮት ይገጥም ነበር። አንዷ የመታጠቢያ ቤት መስኮት ጥግዋ ተጭሮ ስለመጣ ባለቤቱ አልቀበልም አለ፤ ግድግዳ ሥር ተጣለች። የእንጨት ፍሬም፣ ድርብ መስታወት፣ በመሃሉ አየር። ልክ የኛን መስኮት ታክላለች።

እሑድ አብሬው ሄድኩ። ሰውዬው በረንዳ ላይ ከእንግዶቹ ጋር ክትፎ ይበላል።

«ጋሼ፣ ያቺን መስኮት ካልፈለጓት ልውሰዳት?» አለ አሹ።

«የተጫረ መስታወት ምን ያደርግልሃል?»

«ብርድ ትከለክላለች። ደረቴን ያመኛል።»

ሰውዬው ወደ እንግዶቹ ዞረ። «ብርድ ትከለክላለች አለ! እስቲ አሳየን፣ ኢንጂነር። ካሳመንከን ውሰዳት።»

አሹ ትልቅ ካርቶን ፈልጎ ሁለት ጎኑን ቀደደ። በአንዱ ጎን ድርቧን፣ በሌላው ከዘበኛው ቤት የተነቀለ ባለብረት ነጠላ መስኮት አቆመ፤ ውስጡ የሚያቃጥለውን የድሮ አምፖል አበራ። ከማዕዱ ለጋ ቅቤ ለምኖ በሁለቱም ፍሬምና መስታወት ላይ በውጭ በኩል ትንሽ ትንሽ ለጠፈ። ሙቀቱ በሚያመልጥበት በኩል ቅቤው ቶሎ ይቀልጣል። ፊዚክስ ላይ ተምሬዋለሁ፤ እንዲህ ሲሠራ ግን አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ብረቱ ላይ ያለው ቀለጠ። ቀጥሎ ነጠላው መስታወት ላይ ያለው ተንሸራተተ። የድርቧ እንደተለጠፈ ቀረ። አሹ እያሳለ ይስቅ ነበር። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ሰውዬው ተነስቶ ሁለቱንም በመዳፉ ነካ። «እውነትም! ታዲያ እንዲህ ያለ ዕቃ ማን ይሰጣል?»

እንግዶቹ ሳቁ።

«ጋሼ፣ ውሰዳት ብለውኝ ነበር።»

«ያን ጊዜ መች አወቅኳት! ለቦቢ ቤት ትሆናለች። ግጠምለት፤ ውሻም ይበርደዋል።»

ዝናብ ጀመረ። አሹ የውሻው ቤት ፊት ተንበርክኮ ገጠማት። እኔ መዶሻ አቀብለዋለሁ።

«ቀዳዳ ተውለት፤ ንፋስ ይግባበት» አልኩት በሹክሹክታ።

ዙሪያዋን በጣቱ እየዳሰሰ ሲሊኮን ሞላ። ደገመላት።

«ውሻው ምን አደረገኝ?» አለ።

አሹ መስከረም ሲጠባ አላየም።

ሰዎች ይቅር በል ይሉኛል። ለሰውዬው እየሞከርኩ ነው፤ አንዳንድ ቀን የሚሳካልኝ ይመስለኛል። በቪላው በር በኩል ሳልፍ ዝናብ ከሆነ ግን ቆም እላለሁ። እንዴት እንደምለው አላውቅም። አሹ ቢሰማኝ ያፍርብኛል። ያ ውሻ እንዲበርደው እመኛለሁ።