ሸለቆ ውስጥ «እንብላ»

ዛሬ እማዬ የማታውቃትን ፈረንጅ ሴትዮ ሸለቆ መሃል ጠርታ ምሳዬን አስበላችብኝ።

ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሴንት አልባንስ ያለው ቤታችን አንድም ጎረቤት ብቅ ስለማይል «እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» ትለኛለች።

ዛሬ ከሥራ ኦፍ ስለነበርኩ፣ ቀዩና ቢጫው ቅጠል ረግፎ ሳያልቅ ላሳያት ብዬ ከከተማ ወጣ ወዳለ ሸለቆ ወሰድኳት።

ወንዙ ዳር ተቀምጠን ፍርፍራችንን ከፈትን። ቅጠሉን ልብ ያለችው ፍርፍሩ ላይ ሲወድቅ እያነሳች ለመጣል ብቻ ነው።

መንገዱ ጠባብ ነው። እማዬ የሚያልፈውን ሁሉ በእጇ እየጠራች «እንብላ!» ትላለች። ሰዉም ፈገግ ብሎ «ሃይ» ይልና ያልፋል።

«እማዬ፣ እዚህ እንዲህ አይባልም» አልኳት።

«ታዲያ ሰው እያየኝ ዝም ብዬ ልዋጥ?»

ከዚያ አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ቆሙ። ቦርሳቸውን አወረዱና እማዬ አጠገብ ቁጭ አሉ!

እኛ አገር «እንብላ» ሲባል «ብሉ፣ ይመቻችሁ» ተብሎ እንደሚታለፍ ማን ይንገራቸው? በርበሬው እንባቸውን እያወረደው ፍርፍሩ እስኪያልቅ አልተነሱም። ሁለቱ በየቋንቋቸው ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ ቆዩ። ለእኔ የተረፈኝ ሙዝ ነው።

እናንተስ «እንብላ» ብላችሁ እውነት ቁጭ ያለባችሁ ሰው አለ? እስቲ ጻፉልኝ። እኔ ይህን ስጽፍ እማዬ አዲስ አበባ ላለችው እህቷ ደውላ እያወራች ነው። ስለ ቅጠሉ እስካሁን አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

«ዛሬማ» አለቻት፣ «እንግዳ ነበረብን።»