የላሜራው በግና ፎቶ አንሺዋ

አመተሥላሴ መሐል ሜዳ ከተማ ፎቶ ቤት የከፈተችው በ1994 ዓ.ም. ነው። ፎቶ ስታነሳ ቀልድ አታውቅም ነበር። አገጭ ቀና፣ እጅ ጉልበት ላይ፣ አፍ ግጥም። ሙሽራም ቢሆን ፈገግ ካለ ካሜራዋን አውርዳ እስኪያበቃ ትጠብቀዋለች።

ፊት ለፊቷ ኪዳነ ወልድ የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። ባልዲና አሸንዳ ይሠራል። አንድ ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝበት ከተረፈው ላሜራ ጥጃ የሚያክል በግ ቀጥቅጦ አወጣ። ሆዱን አሳብጦ፣ በአመድና በጨርቅ ሲፈትገው ከርሞ እንደ መስታወት አበራው። ምን ሊያደርግልህ ነው ሲሉት፣ እጄ ሥራ ሲፈታ ያመኛል ብሎ መፈተጉን ቀጠለ።

መስከረም ሲጠባ፣ በገበያ ቀን፣ በጉን ደጅ አወጣው። ቀድሞ የደረሰው ሣር የጫነ ፈረስ ነበር። በበጉ ሆድ ውስጥ አፍንጫው ከሰውነቱ የሚበልጥ ፈረስ ሲያይ ደንብሮ ሣሩን መንገድ ላይ በተነው። ባለቤቱ ሊሰበስብ ጎንበስ ሲል ራሱን አየ፤ ሣሩንም ረሳው።

ከአመተሥላሴ ዘንድ ተራ የያዙት ሁሉ ወንበሩን ጥለው ወጡ። እሷም ተናዳ መንገዱን ተሻገረች። በጉን አስገባልኝ ልትል አፏን ስትከፍት፣ በበጉ ሆድ ያለችው ሴትም ከፈተች፤ ጉንጯ ጎተራ አክሏል፣ ግንባሯ ጭራሽ የለም። ሳቋ አመለጣት። ነጠላዋ ወድቆ እስኪረገጥ ሳቀች። ከዚያ ሮጣ ካሜራዋን አምጥታ በበጉ ሆድ የሚታየውን ሰው ሁሉ አነሳች።

ፊልሙ ደብረ ብርሃን ታጥቦ ሲመለስ ሰዉ ሁሉ ተንጋዶ፣ ተለጥጦ ወጥቷል። በየፎቶው መሀል ደግሞ እሷ አለች፣ ካሜራውን ዐይኗ ላይ ደቅና፤ አጠገቧም መዶሻ የያዘ ሰው። ኪዳነ ወልድን ጠርታ አሳየችው። አንድ በአንድ አያቸው።

«በሁሉም ላይ አብረን ነን» አለ።

«ከአጠገቤ ስላልሄድክ ነዋ።»

«ብሄድ ይሻል ነበር?»

የዚያን ቀን ካሜራዋ ውስጥ ፊልም ገልብጣ ከተተች።

ወሬው ሞላሌ ድረስ ደረሰ። አዛውንቱ አቶ መርስዔ ኃዘን ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሱ መጥተው የበጉ ካልሆነ አሉ። ቀበሌው አይሆንም ሲላቸው፣ የትኛው እኔን እንደሚመስል በምን አወቃችሁ ብለው ረጅም ሰዓት ተከራከሩ። ኋላ በደንቡ ተነሡ፤ የበጉን ፎቶ ግን እልፍኛቸው ሰቀሉት።

ጥር ላይ አመተሥላሴና ኪዳነ ወልድ ተጋቡ። በከተማው እሷ የምታምነው ሌላ ፎቶ አንሺ ስላልነበረ፣ በቬሎዋ ተንበርክካ ሠርገኛውን በበጉ ሆድ ውስጥ ራሷ አነሳች። ፎቶው ሲመጣ የሙሽራው እናት እማማ ጌታነሽ ልጃቸውን ሲፈልጉ ዋሉ። በስተመጨረሻ አንዱን እንደ ሸንበቆ የተመዘዘ ሰውዬ በጣታቸው ነክተው፣

«ይኸውና» አሉ፤ «ምን አብልታው ነው እንዲህ ያሳደገችው?»