እስከ ቀጣዩ ማማ

የንስሐ አባቴ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «የቀረ ነገር አለ?» ይሉኛል። እኔም «የለም፣ አባቴ» እላለሁ። አለ። ለእሳቸው ያልነገርኩትን፣ ባለቤቴ አሰፋም ሳልነግረው የሞተብኝን አንድ ነገር ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልናገር ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ። መካከል ላይ ብስቅም አትታዘቡኝ። የበደልኩበት ቀን በሕይወቴ ከሁሉ የተደሰትኩበት ቀን ነው።

አሰፋ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች እንግዳ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ እኔ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ላስ ቬጋስ ሃያ ዓመት ስንኖር የሎስ አንጀለስ ባሕር በመኪና አምስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ አብረን ግን አይተነው አናውቅም። የእሱ ሺፍት ሲያልቅ የእኔ ይጀምራል። በ2020 በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ተዘግተው ቤት ስንውል ደግሞ የትም መሄድ ያስፈራ ነበር። በ2021 ጸደይ ሥራ ሲመለስ አንድ ቅዳሜና እሑድ ለሁለታችንም ዕረፍት ሆነ። ቅዳሜ ሎስ አንጀለስ የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና አለ፤ እሑድ ማታ አሰፋ ሥራ ይገባል። በመካከሉ ከእሑድ ጠዋት ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆጥቤ አገኘሁ። ባሕሩ ዳር ትንሽ ለመሄድ ይበቃል አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ሳነጥፍ የማስበው ያቺን ሰዓት ተኩል ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ነበሩ።

«አልማዝ፣ አሰፋ አጠገብሽ አለ?»

«የለም፣ ሥራ ላይ ነው።»

«እንግዲህ በርቺ። እህቱ ብርቄ ዐርፋለች። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቹ ለእሱ እንዳይደውሉ ብያቸዋለሁ። ነገ በማለዳ መጥተን እናረዳዋለን። አንቺ ፊትሽ እንዳያስታውቅ።»

እትዬ ብርቄ የአሰፋ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው መኪና እየነዳ፣ ብቻውን ሆኖ አይረዳም። ሽማግሌዎች ሲነጋ በር ያንኳኳሉ፤ እስከዚያ መደበቅ ደግነት ነው። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ጋሽ ታደሰ፣ ቅዳሜና እሑድ ኦቨርታይም ገብቷል፤ ቤት አያገኙትም። ሰኞ ይሁን።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ልትችይው ነው?»

«እችለዋለሁ።»

ቻልኩት። እንዴት አድርጌ ቻልኩት!

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ቦርሳችንን መኪና ላይ ስንጭን አዲስ አበባ እትዬ ብርቄ እየተቀበረች ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ቀብር የምናየው በስልክ ነው። ሽማግሌዎቹ ባሉት ሰዓት መጥተው ቢሆን አሰፋም ያይ ነበር። የእሱ ስልክ ግን የሎስ አንጀለስን መንገድ እያሳየን ነበር።

እሑድ ጠዋት መኪናውን ፓርክ አደረግን። አሰፋ ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲዎቹን ኪሱ ከትቶ፣ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ውሃውን ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አልሜ፣ የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ‹ውሃ የለም፣ ሣራችሁን ነቅላችሁ ጠጠር አድርጉ› እያለ ደብዳቤ ሲጽፍልን፣ ለካ ውሃው እዚህ ተደብቆ ኖሯል!»

«ሄደህ ንገራቸው።»

«ፎቶ አንስቼ ነው የምልክላቸው፤ ይፈሩ!»

አሸዋው ላይ የዋና ጠባቂዎች የእንጨት ማማ በየርቀቱ ቆሟል። «እስከዚያ ሰማያዊው ሄደን እንመለሳለን» አልኩት። ደረስን። «እስከ ቀጣዩ» አለኝ። ማዕበሉ ሲመጣ ይሸሻል፣ ሲመለስ ያሳድደዋል። እኔንም ጎትቶ አስገባኝና ቀሚሴ እስከ ወገቤ ራሰ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጃገረድ ጮህኩ። ሰዓቱን አየሁ፤ መመለስ ነበረብን። «እስከ ቀጣዩ» አልኩ፣ አሁን እኔ።

አራተኛው ማማ ጋ ስልኩን አወጣ። «ይሄንንማ እትዬ ብርቄ ማየት አለባት። ልደውልላት።»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። እጁን ይዤ አሸዋው ላይ ማስቀመጥ እችል ነበር። ምን አደረግሁ? «ኔትወርኩ አያስኬድም፤ ልቅረጽህና ላክላት» አልኩት። ስልኩን ከእጁ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። «ትንሽ ገባ በል፣ ማዕበሉ ይታይ» ያልኩት እኔ ነኝ።

እሱም እስከ ጉልበቱ ገባና እጁን እያወዛወዘ ጮኸ፤ «እትዬ ብርቄ! ላንጋኖ ላይ ‹ትሰምጣለህ› ብለሽ ቀበቶዬን ይዘሽ ዋልሽ አይደል? ይኸው ገባሁልሽ! ነይና አውጪኝ!»

እኔም ሳቅሁ። የማስመሰል ሳቅ ነበር ብል በቀለለኝ። ከልቤ ነበር የሳቅሁት።

ሰኞ በማለዳ በሩን የከፈተው ከሥራ የተመለሰው አሰፋ ነው። ጋሽ ታደሰን ከሦስት ሰዎች ጋር ቆመው ሲያይ ማንም ሳይናገር ገባው። «ማን?» ብቻ አለ። ጋሽ ታደሰ ሲገቡ በሩ ሥር አሸዋ የተጣበቀበትን ጫማችንን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩና ወደ አሰፋ ዞሩ።

በሦስተኛው ቀን አሰፋ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «እሷ አፈር ለብሳ እኔ ውሃ ስራጭ! ግን ሳላውቅ ነው፣ አይደል አልሜ?» አለኝ።

«ሳታውቅ ነው» አልኩት።

«አንቺስ ብታውቂ መቼ ትወስጂኝ ነበር» አለና እጄን ሳመኝ።

ጥፋቴን እሱ ተሸከመልኝ፤ እኔም አሸከምኩት። ከአምስት ወር በኋላ ልቡ ድንገት ቆመ።

ልማዱ ነው ልበል? ልማዱ የሚደብቀው ለሐዘንተኛው ብሎ ነው። እኔ የደበቅሁት ሰዓት ተኩሌ እንዳይቀርብኝ ነው። ቶሎ እንደሚሞት ዐውቄ ነበር? አላወቅሁም፤ ዐውቄማ ቢሆን ሰበብ በሆነኝ።

ስልኩ አሁን እኔ ጋ ነው። ቪዲዮውን እያወጣሁ አየዋለሁ፤ የተጠቀለለው ሱሪው፣ ማዕበሉ፣ ከጀርባ የእኔ ሳቅ። ሁልጊዜ አብሬው እስቃለሁ። ቀጥሎ ከሥሩ ያለችውን አንዲት ምልክት አያለሁ። ተልኳል፤ የተቀበለው የለም።

አሰፋ፣ ነግሬህ «ያንን ጠዋት ስጠኝ» ብልህ ኖሮ ምናልባት ትሰጠኝ ነበር። አልጠየቅሁህም፤ ሰረቅሁህ። ስላላየኸው ቀብር፣ «ሳታውቅ ነው» ብዬ ስላሸከምኩህ ጸጸት ይቅር በለኝ። ጠዋቱን ግን መልሺ ብትለኝ እጄ እምቢ ይለኛል። ዛሬም እዚያ ብታቆመኝ፣ ሰዓቱን አይቼ፣ «እስከ ቀጣዩ» ነው የምልህ።