የእትዬ ዘይነባ ቆጣሪ

ባለፈው ሳምንት ካምፓላ፣ ናካዋ ገበያ ጀርባ፣ አሮጌ ብረታ ብረት ከሚሸጥበት ቦታ የበር ማጠፊያ ስፈልግ አንድ የድሮ የመብራት ቆጣሪ አየሁ። ጥቁር ሣጥን፣ ፊቱ ላይ ክብ መስታወት፣ ከመስታወቱ ኋላ ጠርዟ ላይ ቀይ ምልክት ያለባት ስስ የአልሙኒየም ዲስክ። ዛሬ ካምፓላ ውስጥ ሰው ቁጥር እያስገባ መብራቱን ስለሚሞላ፣ እንዲህ ዓይነቱን ቆጣሪ የሚያስታውሰው የእኔ ዕድሜ ሰው ነው። ሻጩ መዳቡን የፈለግሁ መስሎት ዋጋ ጠራልኝ። እኔ ግን ዲስኳን በጣቴ ገፋ አድርጌ ስትዞር እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ናዝሬት የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሬ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ካምፓላ ስገባ ግን በእጄ ያለው ወረቀት የሚናገረው ስደተኛ መሆኔን ብቻ ስለነበር፣ አንዳንዴ ሲሚንቶ እየተሸከምኩ፣ አንዳንዴ ቦዳ የሚሉትን የሰው ሞተር ብስክሌት እያጠብኩ እኖር ነበር። ከዚህ ያወጡኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። የደሴ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ካምዎክያ በሚባል ሰፈር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጨርቅና ቅመም እየሸጡ ሁለት ሴት ልጆች አሳድገዋል። ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ ከኮሎሎ ኮረብታ ሥር አንድ ያረጀ ቤት ገዙና አድሰው ዳቦ ቤት ሊያደርጉት ተነሡ። የመብራቱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። የቤቱን ቁልፍም ጨምረው።

እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የዝናቡ ወራት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከቀዩ አፈር እንፋሎት ይነሣል፣ ከመንገዱ ማዶ ቻፓቲውን ከእንቁላል ጋር እየጠቀለለ ሮሌክስ የሚሸጠው ሰው ምጣድ ሽታ እስከ ጣሪያው ይደርሳል። ግድግዳውን እየፈለፈልኩ አሮጌውን ሽቦ ሳወጣ፣ ልባሱ እንደ ደረቀ ቅጠል እጄ ላይ ይፈረፈር ነበር። ሁሉንም ነቅዬ ለመሥሪያ አንድ አምፖል፣ ለመፈልፈያው ማሽን አንድ ሶኬት ብቻ አስቀረሁ። መብራቱም ቢሆን በፈረቃ ነበር፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል።

በዚህ መሐል የወሩ ሂሳብ መጣ። ሰው ከማይኖርበት፣ ግማሹን ወር መብራት ከማያይ ቤት የመጣው ሂሳብ ቤተሰብ ሞልቶበት በነበረ ጊዜ ከሚመጣው ይበልጣል። እትዬ ዘይነባ የአንድ ጊዜ ስሕተት ነው፣ በሚቀጥለው ይስተካከላል ብለው ከፈሉ። የሚቀጥለው ወር ባሰ። ወደ መብራት ቢሮው ሄደው ሲያመለክቱ፣ ሚስተር ኦኬሎ የሚባል ተቆጣጣሪ መዝገቡን አገላብጦ፣ "ቤቱ ባዶ ነው ብለዋል። ታዲያ ቁልፉ ማን ጋ ነው?" አላቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተከፈለ መስመሩ እንደሚቆረጥም ነገራቸው። መስመሩ ከተቆረጠ ደግሞ ያዘዙት የዳቦ ምድጃ ዋጋ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ መጡ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ጌታሁን፣ ከዚህ ቤት መስመር ስበህ የሰጠኸው ጎረቤት አለ?"

"የለም፣ እትዬ።"

"ቁልፉ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው።"

"አዎ።"

"እንግዲያውስ ለጊዜው እኔ ጋ ይቀመጥ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ቢሰድቡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸው ግን ለስላሳ ነበር። ቁልፉን ሰጥቼ መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ እግሬም ከዚያው ቤት ጎረቤት ከማማ ናካቶ በረንዳ አላለፈም። ማማ ናካቶ ማቶኬ የሚባለውን ተቀቅሎ የሚበላ ሙዝ እየላጡ ነበር። ፊቴን አይተው ምን እንደ ሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የበዛው?" አሉኝ።

"ከሁለት ወር ወዲህ።"

"መብረቁ አቮካዶዬን የሰነጠቀው ያኔ አይደል እንዴ? ሬዲዮኔንም ያኔ ነው ያቃጠለብኝ።" በቢላዋቸው ዛፉን አሳዩኝ። የቆመው ከእትዬ ዘይነባ ቆጣሪ ሦስት እርምጃ ርቆ ነው።

በዚያች ቅጽበት የናዝሬት መምህሬ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ቆጣሪው ውስጥ ዲስኳን እየያዘ በልክ እንድትዞር የሚያደርግ ማግኔት አለ፤ መብረቅ በቅርብ ከወደቀ ማግኔቱን ሊያደክመው ይችላል፤ ማግኔቱ ሲደክም ዲስኳ ከልክ በላይ ትፈጥናለች። እየሮጥኩ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ተቆጣጣሪውን ያስመጡልኝ። አሥር ባለ መቶ ዋት አምፖልም ይፈልጉልኝ። ተሳስቼ ከሆነ ዳግመኛ ዓይኔን አያዩትም።"

"እሺ" አሉ።

ሚስተር ኦኬሎ በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጣ፤ ረጅም፣ ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ ሰው። የእኛ ፈረቃ ቢሆንም መብራቱ አልነበረም። አሥሩን አምፖሎች በጣውላ ላይ ደርድሬ ጨርሻለሁ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ሮሌክስ ገዛሁለት፣ ቆሞ በላ። ሰዓቱን አየና ማኅደሩን በብብቱ ይዞ ሊሄድ ዞረ። በሩ ጋ ሲደርስ አምፖሎቹ በሙሉ ቦግ አሉ።

"ስድስት ደቂቃ ብቻ" አልኩት። ወደ ቆጣሪው ወሰድኩት። "አንድ ኪሎዋት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ ዲስኳ ሁለት መቶ ጊዜ ትዞራለች ተብሎ እዚህ ተጽፏል። አሥሩ አምፖል አንድ ኪሎዋት ነው። በስድስት ደቂቃ ሃያ ጊዜ መዞር አለባት። ሰዓቱን እርስዎ ይያዙ።"

ቀዩ ምልክት ባለፈ ቁጥር ማማ ናካቶ ጮክ ብለው በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ መቁጠር ጀመሩ፤ እዚያ አካባቢ የሚሠሩ ግንበኞችና መንገደኛውም ተቀበሏቸው። ኤሙ፣ ቢሪ፣ ሳቱ... ሃያው ሲሞላ ሚስተር ኦኬሎ ሰዓቱን አየ። ገና አራት ደቂቃ አልሞላም። ስድስት ደቂቃ ሲሆን ሠላሳ አራት ደርሰን ነበር።

ሰዉ ማጨብጨብ ሲጀምር ሚስተር ኦኬሎ እጁን አነሣ። "አምፖሎችህ ከተጻፈባቸው በላይ እየበሉ እንደሆነስ?"

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እንዲያውም ለሰውየው ያለኝ ግምት የጨመረው ያኔ ነው። "ማማ ናካቶ ጋ ያለው ቆጣሪ ዓይነቱ ከዚህ ጋር አንድ ነው" አልኩት። በቤታቸው ያለውን ሁሉ አጥፍተን፣ አሥሩን አምፖሎች በአጥሩ ላይ አሻግረን እዚያ ሰካናቸው። በዚህ ጊዜ የሚቆጥረው እሱ ራሱ ነበር። ዲስኳ በስድስት ደቂቃ ሃያ ጊዜ ዞረች፤ ሃያ አንደኛውን ጀምራ ነበር።

ሚስተር ኦኬሎ ማኅደሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። ቆጣሪው ብልሹ ነው፣ ይቀየር፣ የሁለቱ ወር ሂሳብ እንደገና ይታይ። ከዚያ ቀና ብሎ ሙሉ ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከጎኑ "ኤሌክትሪሻን" ብሎ ሲጽፍ በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁ። በዚህ አገር ስሜ ከሙያዬ ጋር አንድ መስመር ላይ የተጻፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

እትዬ ዘይነባ እስከዚያ ድረስ ከአቮካዶው ሥር ቆመው ነበር። በሰዉ መሐል አልፈው መጡና ቁልፉን በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ።

"አፉ በለኝ፣ ልጄ።"

"አፉ ብያለሁ፣ እትዬ።"

አዲሱ ቆጣሪ በወሩ ተተከለ፤ ዳቦ ቤቱም ተከፈተ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ካምዎክያ ውስጥ ሂሳብ የበዛበት ሰው ሁሉ "ያን አምፖል ያለውን ኢትዮጵያዊ ጥሩልን" ማለት ጀመረ። ከካምዎክያ ወደ ንቲንዳ፣ ከአንድ ቤት ወደ ሕንፃ እያለ ሥራዬ በዚያው ሄደ።

ዛሬ በሥሬ ሰባት ሠራተኞች አሉ። ከሥራ ቦታ ዕቃ ጠፋ፣ ሂሳብ ጎደለ የተባለ እንደሆነ፣ ማንንም ከመጠየቄ በፊት ራሴ ሄጄ አያለሁ። ልል አለቃ ነህ፣ ሰው አትቆጣም ይሉኛል። ይበሉ። እትዬ ዘይነባ ያረፉት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ለቅሶ ስደርስ ታላቋ ልጃቸው ከደሴ ከመጡት ዘመዶች ፊት እጄን ይዛ ወስዳ፣ "የእማዬ ኤሌክትሪሻን እሱ ነው" አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ስሜን ሳይጠይቁ ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ፤ ታሪኩን ቀድመው ሰምተውት ኖሯል።