ቀና ብሎ የማያይ ሰው

አሻግሬን መብረቅ ሲመታው ገና ጢም አላበቀለም ነበር። ከላላ ከተማ አጠገብ ባለው ተረተር ላይ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሲያርሱ ሰማዩ ተሰነጠቀ። ሲነቃ ወንድሙ እርፉን እንደጨበጠ ተዘርግቷል፤ በሬዎቹም ከነቀንበራቸው ወድቀዋል።

ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ አያይም። ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ መሬት መሬት እያየ ይሄዳል። ሰው "መብረቅ የማረው" አለው። እጁ ቀና ነው እየተባለም አዲስ ቤት ሲሠራ የመጀመሪያውን ምሰሶ እሱ ያቆማል፤ ዘር ሲዘራ እሱ ያስጀምራል። ይህንን እንደ ሹመት ይዞት ኖረ።

በኢሕአዴግ ማብቂያ ግድም ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ሜዳው በሶላር ሰሌዳ ተሸፈነ። አሻግሬ ዘበኛ ሆኖ ገባ። አንድያ ልጁን በዛችን ያገባው አስናቀውም እዚያው ምሰሶ እየወጣ ሽቦ ይዘረጋል። ወንድ ልጅ ላልወለደው አሻግሬ ልጁ እሱ ነበር።

የሶላሩ ኃይል ከከተማው መስመር ጋር የሚገናኝበት ቀን ደረሰ። አስናቀው መሰላሉን ተሸክሞ ወደ መጨረሻው ምሰሶ ሲያልፍ እንደ ልማዱ ቀለደ።

"ጋሼ፣ እኔ ላይ እርስዎ ታች። መች ልንተያይ ነው?"

"ስትወርድ አይሃለሁ።"

ለምረቃው የተጠሩት እንግዶች ከሰዓቱ ቀድመው ደረሱ። ሸህ አሕመድኑር ዱአ አደረጉ፤ ሕዝቡ አሚን አለ። የሥራው ኃላፊ አበጋዝ ላብ አጥምቆታል። የማገናኛውን እጀታ ማንሳት የባለሙያ ሥራ ነበር፤ እሱ ግን እንግዶቹን ለማስደሰት አሻግሬን ጠራው።

"ጋሼ፣ እጅዎ ቀና ነው አይደል? እርስዎ ያንሱት።"

"አስናቀው ወርዷል?"

"ወርዷል። እንግዶቹን አናስቁም።"

ምሰሶው ፊት ለፊቱ ነው፤ አንገት ማቃናት ብቻ ይበቃ ነበር። አሻግሬ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተመርጦ ልቡ ሞልቷል፤ እንደ ወትሮው እግሩ ሥር እያየ እጀታውን አነሳ። ጭብጨባው መሀል ላይ ተቋረጠ። አስናቀው ከምሰሶው ላይ በቀበቶው ተንጠልጥሎ ቀረ። የሸተተውን ሽታ አሻግሬ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ሽማግሌዎች ነገሩን ለማየት ሲቀመጡ አበጋዝ "ወርዷል አላልኩም" ብሎ ማለ። አጠገቡ ቆመው የሰሙት ሁሉ የእሱን እንጀራ የሚበሉ ናቸውና አቀረቀሩ። በለቅሶው ቤትም ሰዎች ተንሾካሾኩ፤ "መብረቁ ዕዳውን አልረሳም። እሱን ትቶ አማቹን ወሰደ" አሉ። አሻግሬ ሰማቸው።

በዛች ልጇን አዝላ ልትኖር ወደ አጅባር ከተማ ስትሄድ በሩ ላይ ጠበቃት። አላቀፈችውም።

"አባባ፣ ያኔ እርስዎን ቢወስድዎት ይሻል ነበር" አለችውና አለፈች።

ከዚያ ወዲህ ቤት ሲሠራ የሚጠራው ጠፋ። በሠርግ ቤት ደጅ ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ከመንገዱ ይስባሉ። ከተማው በርቷል፤ የእሱ ጎጆ ሽቦ አልገባባትም፤ አላስገባም።

አሁን ያ ምሰሶ ሥር እየሄደ ይቀመጣል፤ ጋቢውን ከራሱ አውርዶ፣ አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ ያያል። አንድ መንገደኛ "በዕድሜዎ ትልቁ ነገር ምን ነበር?" ብሎ ጠየቀው። አሻግሬ ዓይኑን ከሽቦው ሳያነሳ መለሰ።

"ከመብረቅ መትረፌ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሰው ከላይ እያለ ቀና ብሎ ማየት ነው። እኔ ጠየቅሁ፤ አላየሁም።"